በግራ በኩል የሚከፈተው ቡፌ

ደብረ ብርሃን እቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ ቀን በአባቴ ቡፌ ይሸነፋል። ባለ ሁለት መዝጊያ ነው። የሰው ቡፌ በቀኝ መዝጊያው ይከፈታል፤ የእኛው ግን በቀኝ ቢጎትቱት ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ የግራው መከፈት አለበት፤ የቀኙ ከውስጥ በመቀርቀሪያ ተይዟል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ይሄ ሰውዬ በመስተዋት እያየ ነው የሠራው" እያለች ዕድሜ ልኳን ስቃበታለች። ደንበኞቹም ያጉረመርሙ ነበር። አባዬ የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እኛ ትምህርት ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው።"

ችግሩ ያንን ትምህርት ቤት ከአባቴ በቀር ያየው ሰው አለመኖሩ ነው። በጎረምሳነቱ ወታደር የነበረ ታላቅ ወንድሙ ነቀምት ሲመደብ ተከትሎት ሄደ። ከዓመታት በኋላ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ መጋዝና መላጊያ ተሸክሞ ተመለሰ። "አርጆ አጠገብ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር" አለ። ሰፈሩ የራሱን ታሪክ ሠራለት። ጠፍቶ ከርሞ፣ ተላጭቶ፣ የእንጨት ሥራ ችሎ የሚመጣ ሰው ከወህኒ ቤት እንጂ ከየት ይመጣል? አባዬ እናቴን ሲያገባ ይህ ወሬ በሽማግሌዎች ፊት ተነሣ። ወንድሜ ጌታነህ ሲያገባም የሙሽራዋ አባት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። አባዬ ተጣልቶ አያውቅም፤ ዝም ነው የሚለው። ያ ዝምታው አንጀቴን ይበላኛል።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ "ሙሉ፣ ሳልሞት አንድ ሰው 'አዎ፣ ነበረ' ሲል ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር" አለኝ። ሰማንያ ካለፈ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ መቀመጥ አይቻልም። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ወለጋን ዕድሜዬን ሙሉ ካርታ ላይ በዱላ ጫፍ ስነካት ኖሬ፣ ረግጫት ሳላውቅ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ይህንንም የምጽፈው እንደ እኔ በካርታ ብቻ ለሚያውቋት ነው።

ሐሙስ

አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ አድሬ ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። የለበስኩት ለደብረ ብርሃን ነበር፦ ሸሚዝ፣ ስስ ሹራብ፣ በላዩ ወፍራም ሹራብ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ወደ ነቀምት የሚመለሱ ነጋዴ ናቸው። አውቶቡሱ ከከተማ ሳይወጣ የበቆሎ ቂጣ ከአገልግላቸው አውጥተው "ብዪ" አሉኝ። በልቻለሁ አልኩ። እኛ ዘንድ እስኪለመኑ ድረስ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው። ሴትዮዋ ግን መለማመጥ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ቂጣውን ቆርሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን አጠፉልኝ። በላሁ። ደግሞም ርቦኝ ነበር።

አምቦን አልፈን፣ ጌዶን ወጥተን ወረድን። ኬላ በደረስን ቁጥር ወርደን ተፈትሸን፣ መታወቂያ አሳይተን እንሳፈራለን። ባኮ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት በር ፊቴን መታኝ። ወፍራሙን ሹራብ አወለቅኩ፤ አልበቃም፤ ስሱንም አወለቅኩ። ሴትዮዋ "ስንት ሰው ነሽ አንቺ?" ብለው ሳቁ። በመስኮት ማንጎ ገዝተን ክንዳችን ድረስ እየተንጠባጠበብን በላን። ደብረ ብርሃን ማንጎ የሚበላው በቢላ ተቆርጦ፣ በሰሐን ሆኖ፣ ለታመመ ሰው ነው።

ነቀምት የተቀበለችን በዝናብ ነው። ሻንጣዬን በራሴ ላይ አድርጌ ወደ ባጃጅ ሮጥኩና ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የሚገኝ አንድ ፔንሲዮን ገባሁ። ሹራቦቼ ትዝ ያሉኝ አልጋው ላይ ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው። ሁለቱም ከአውቶቡሱ ጋር ሄደዋል። የፔንሲዮኑ ባለቤት አዴ ሌንሴ (አዴ እዚያ ለተከበረች ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ ለወንዱ ኦቦ ይባላል) የራሳቸውን ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው እራት ከቤተሰባቸው ጋር አስቀመጡኝ። በቅቤ የተለወሰ፣ ነጣ ያለ ነገር ቀረበ።

"ድንቹ በጣም ይጣፍጣል" አልኩ።

"ድንች?" አሉ አዴ ሌንሴ። "ድንች አልሽው? አንጮቴ እኮ ነው! የተሰበረ አጥንት የሚጠግን አንጮቴ! ዋቃዮ፣ አምላኬ! ይህችን ሴት ማን ነው ያስተማራት?"

አስተማሪ መሆኔን ለመናገር ያ ጥሩ ጊዜ አልነበረም።

ዓርብ

ጠዋት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የተቀበለኝ ወጣት ሠራተኛ ወንበር ስቦልኝ በትሕትና አዳመጠኝና "እናቴ፣ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት እኛ ዘንድ አይታወቅም። ምናልባት የድሮ እንጨት ሠራተኞችን ብትጠይቂ" አለኝ። ከበር ስወጣ ባጃጁን አቁሞ የሚጠብቅ ገመቹ የሚባል ጎልማሳ አገኘሁ።

"ድሮ የእንጨት ሥራ ያስተምሩበት የነበረ ቦታ ታውቃለህ?" አልኩት።

"ኤዬ! በደንብ ነዋ! አክስቴ አልጋዋን የገዛችው ከዚያ አይደል?"

በባኬ ጃማ በኩል እየተንገጫገጭን ስንሄድ ለአባዬ የምነግረውን ሁሉ አቀናበርኩ። ገመቹ አንድ ረጅም አጥር ሥር አቆመ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘብ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ሰሐን በጨርቅ ቋጥረው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች፣ ከጎናቸው ደግሞ ለሽያጭ የተደረደሩ ወንበሮችና አልጋዎች ነበሩ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ማረሚያ ቤት ነዋ" አለ ገመቹ ኩራት ባለው ድምፅ። "በእንጨት ሥራ እነሱን የሚያክል የለም።"

ዕቃውን የሚሸጡት ሰውዬ ደግሞ ሳልጠይቃቸው "እዚህ ሙያ የማይለቅ ነገር ነው፣ ከጥንት ጀምሮ ይማሩበታል" አሉኝ። ቅስሜ ስብር አለ። የሰፈራችን ሐሜት ይህን ሁሉ መንገድ ቀድሞኝ መጥቶ ወንበር ይዞ የጠበቀኝ ነው የመሰለኝ። አባዬ ፀሐይ እየሞቀ ዓይኑን ጨፍኖ ታየኝ። "ነበረ" ልለው መጥቼ "ያለው ወህኒ ቤቱ ነው" ልለው ነው?

ከወንበሮቹ መካከል ባለ ሁለት መዝጊያ ቡፌ ቆሟል። ምን እንደማደርግ ሳላስብ እጄን ሰደድኩና የግራውን መዝጊያ ጎተትኩ። አልከፈት አለኝ።

"በቀኝ ነው እናቴ፣ በቀኝ" አሉ ሰውዬው።

በቀኝ ሳብኩት፤ ወለል አለ። አጠገቡ ያለውን ቁም ሣጥንም ሞከርኩ። ያም በቀኝ። ሦስተኛውም በቀኝ። ሰውዬው ልገዛ የመጣሁ መስሏቸው ስለ እንጨቱ ጥራት ማውራት ጀመሩ። እኔ ደግሞ በሁሉም ተሸንፌ እስቃለሁ። አባቴ ከዚህ ግቢ አልወጣም። ከዚህ ቢወጣ ኖሮ እናቴ የምትስቅበት ቡፌ አይኖረንም ነበር። ይህን ለሰፈር ሐሜተኛ ብነግረው እንደማያሳምነው አውቃለሁ፤ ለእኔ ግን በቂ ነበር።

ማታ ለአዴ ሌንሴ ሁሉንም ነገርኳቸው። "አንቺ ሰው የምትፈልጊው ቢሮ ነው እንዴ?" አሉኝ። "አርጆ ሂጂ። እሑድ ወደ ወንጌላውያን ጸሎት ቤት ግቢ። እኛ ዘንድ እንግዳ ያስነሡታል፤ ከየት መጣህ፣ የማንን ሰላምታ ይዘህ መጣህ ይሉታል። ያን ጊዜ ጠይቂ። አርጆ ውስጥ ያ ጉባኤ የማያውቀው ነገር የለም።"

ቅዳሜ

አዴ ሌንሴ ፎጣቸውን ካልወሰድሽ አሉኝ፤ እኔ ደግሞ የሰው ልብስ እንዳልጥል ፈርቼ በብዙ ግብግብ መለስኩላቸው። የተቀቀለ አንጮቴ በፌስታል ቋጥረው ጨመሩልኝ። ያን አልመለስኩም።

ወደ አርጆ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሣ ሰው ሁሉ ተዋወቀ። ጉቶ ጊዳን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ በቆሎው ከወዲሁ ጉልበት ደርሷል፤ እኛ ዘንድ በዚህ ወር መሬቱ ዝናብ እየለመነ ያዛጋል። ጌተማ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ተሳፋሪው ወርዶ መንገድ ዳር ሲቆም እኔ ቀይ ጭቃ ውስጥ ገባሁና አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ሁለት ሴቶች ክንዴን ይዘው፣ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ጫማዬን አውጥተው፣ ቅጠል ቆርጠው ጠረጉልኝ። ጭቃው እንደኛው ጥቁር ስላልሆነ እድፉ እስከ ዛሬ አለቀቀም፤ እኔም አላስለቀቅኩትም።

አርጆ ከፍታ ላይ ናት። ጉም የባሕር ዛፉን ግማሽ ድረስ ሸፍኖታል፤ ሰዉ ጋቢ ተከናንቦ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቷል። ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ አየሩ የተስማማኝ እዚህ ነው። በስስ ሸሚዜ ስዞር ሰው ዘወር እያለ ያየኛል። ያገኘሁትን ሁሉ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቅኩ። አንዱ የአንደኛ ደረጃውን አሳየኝ። ሌላው ስለ ሽመና ማኅበር አወራልኝ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያደርኩበት ሆቴል አስተናጋጅ ሸሚዜን አይታ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ጫነችልኝ፤ ሊነጋ ሲል እያላበኝ ነቃሁ።

እሑድ

እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ በወንጌላውያን ጸሎት ቤት ተቀምጬ አላውቅም። ጫማዬን በር ላይ ልፈታ ስል አንዲት ሴት "ግቢ፣ በጫማ ነው" ብላ ሳቀችልኝ። መዝሙሩ አለቀ፣ ማስታወቂያ መጣ፣ እንግዶች ተነሡ ተባለ። የተነሣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ሰላምታ ይዤ መጥቻለሁ አልኩ፤ አንድ ሰው በአፋን ኦሮሞ ተረጎመልኝ፤ ጉባኤው አጨበጨበ። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቅኩ። አባቴ እዚያ ተምሬያለሁ ይላል፣ የሚያስታውስ አለ ወይ አልኩ። ተርጓሚው ጨረሰ። ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ አንድ ሕፃን አለቀሰ። አፍሬ ቁጭ አልኩ። ስብከቱን በሙሉ "አባዬን ምን ልበለው?" እያልኩ ነው ያሳለፍኩት።

ስንወጣ አንዲት ባልቴት በጋቢ ተጠቅልለው ክንዴን ያዙኝ። አዴ አያንቱ ይባላሉ። ስለ ትምህርት ቤቱ አንድም ቃል አልተናገሩም።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አይበርድሽም?"

"የእኛ አገር ከዚህ ይብሳል።"

"በዚህ ሸሚዝ? በባዶ ሆድ? ነይ፣ መጀመሪያ ብዪ።"

ቤታቸው ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ነው። ጆሮ እንደሚከብዳቸው የገባኝ መንገድ ላይ ነው፤ ለምን እንደመጣሁ አልሰሙም። በዓለ ኀምሳ ስለሆነ ጾም የለብኝም፤ እሳቸውም ጩምቦ እያዘጋጁ ነው። ወፍራም የጤፍ ቂጣ ነው፤ ትኩሱን እየፈተፈቱ በቅቤና በአይብ ያርሱታል። ክንዳቸው ድረስ በቅቤ ተነክረው "እጄን እዪው፣ ምንም አይዝልኝም። ከዚያ ከቡፌው ሰሐን አውጪልኝ" አሉኝ።

ግድግዳው ሥር ጠቆር ያለ አሮጌ ቡፌ ነበር። ሄድኩ፣ ከፈትኩ፣ ሰሐን አወጣሁ፣ ዘጋሁ። ዘወር ስል አዴ አያንቱ በቅቤ እጃቸውን አየር ላይ ሰቅለው ያዩኛል።

"አንቺ ከዚህ ቀደም እዚህ ቤት ገብተሻል?"

"ኧረ አልገባሁም።"

"ታዲያ በግራ መሆኑን ማን ነገረሽ? እኔ እኮ እንግዳ ሲመጣ ሰሐን አምጣ የምለው ለመሳቅ ነው! ልጄን ያገባው ሰውዬ ስንት ዓመቱ፣ ዛሬም በቀኝ ይጎትታል። ቄሱም በቀኝ ነው የጎተቱት!"

ሰሐኑን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። እጄ ምን እንዳደረገ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ተመልሼ ቡፌውን ዳሰስኩት። ከውስጥ የቀኙን መዝጊያ የሚይዘው መቀርቀሪያ ከእንጨት የተጠረበ ነው፤ ልክ እንደ እኛው። ጆሯቸው ላይ ጠጋ ብዬ ጮህኩ፦ "ይህን ማን ሠራው?"

"የኦቦ ተሬሳ ተማሪ ነዋ! እዚያ ላይ ትምህርት ቤት ነበረ አይደል? ወጥ ቤት አልነበረውም፤ ልጆቹን የምናበላው እኛ፣ በየቤቱ ተከፋፍለን ነው። አንዱ ትምህርቱን ሲጨርስ የመጨረሻ ሥራውን ላበላው ቤት ትቶ ይሄዳል። ይሄን የተወው እናቴ ያበላችው የጊምቢ ልጅ ነው።"

"ለምን በግራ ሆነ?"

"ኦቦ ተሬሳ ግራኝ ነበሩ! ለእጃቸው እንዲመች ነው የሚሠሩት። ልጆቹ ደግሞ ከዚያ በፊት ቡፌ አይተው የት ያውቃሉ? አገሩ ሁሉ እንዲያ ነው ብለው ቀዱት።" ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። "እሳቸው ሲሞቱ ትምህርት ቤቱም ሞተ። አንቺ ግን የማን ልጅ ነሽ?"

አባቴ ከሸዋ ወንድሙን ተከትሎ የመጣ ልጅ ነበር አልኩ፤ ስሙንም ነገርኳቸው። ስሙን አላስታወሱም። ግን ሸሚዜን ትኩር ብለው አዩት፤ እንደገና አዩት።

"የሸዋው ልጅ! ያ ብርድ የማይነካው! እኛ እሳት ዙሪያ ስንሰበሰብ ጠዋት በሸሚዝ ወንዝ ወርዶ ፊቱን የሚታጠበው! የአጠገባችን ቤት ነው የሚበላው።"

እጃቸውን እስኪታጠቡ መጠበቅ አልቻልኩም። ደወልኩና የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቼ ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። አባዬ "ሄሎ" ሲል እሳቸው ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ "እናንተ ሰዎች፣ ምነው በግራ ሠራችሁት?" አሉ።

አባዬ "ማን ልበል?" አለ በቀስታ። ስልኩን ቀምቼ "አባዬ፣ አርጆ ነኝ። ጠይቃቸው" አልኩና መለስኩላቸው።

"ትምህርት ቤቱ... ነበረ አይደል?" አለ አባዬ።

"ነበረ! ምነው አይኖርም! ታዲያ እናቶቻችን ሲያበሏችሁ የኖሩት የት ነው?"

ከዚያ አባቴ ከአፉ ሰምቼው የማላውቀውን ቋንቋ መናገር ጀመረ። እየተንተባተበ፣ ቃል እየጠፋው፣ አዴ አያንቱ እያቀበሉት። ኦሮምኛ ይችል እንደነበር ማናችንም አናውቅም። ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ አዴ አያንቱ ሲስቁ ስልኩም ይስቃል። እኔ ጩምቦውን እየበላሁ አለቀስኩ፤ ደስ የሚል ልቅሶ ነበር።

ሰኞ

አዴ አያንቱ ከዘራ ይዘው ቦታውን አሳዩኝ። የሚታይ ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። የመሠረት ድንጋይ ጫፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ አንዲት የታሰረች ላም። ቆርቆሮውና ሳንቃው ተነቅሎ ሌላ ቤት ተሠርቶበታል። አባዬን ያበላው ቤተሰብም ወደ ሌላ አገር ከሄደ ቆይቷል፤ የመጨረሻ ሥራው የት እንደደረሰ የሚያውቅ አላገኘንም። ምናልባት ዛሬም አንድ ቦታ እንግዳ እያታለለ ይሆናል። ላሟን ፎቶ አነሣኋት። ስንለያይ አዴ አያንቱ ግንባሬን ስመው ቅቤ በቅል አስይዘውኝ ተመለስኩ።

ደብረ ብርሃን የደረስኩት ሻንጣዬ አንጮቴ አንጮቴ እየሸተተ ነው። ጌታነህ ከፍቶ አየና "ድንች ለማምጣት ነው እዚያ ድረስ የሄድሽው?" አለ። "ድንች? ድንች አልከው?" ብዬ የጮህኩበት ድምፅ የእኔ አልነበረም፤ የአዴ ሌንሴ ነበር።

ባለፈው እሑድ የጌታነህ አማት፣ ያኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጠየቁት፣ ሊጠይቁን መጡ። ብርጭቆ ሊያወጡ ተነሥተው ቡፌውን በቀኝ ጎተቱ። ደግመው ጎተቱ። ድሮ እንዲህ ሲሆን አባዬ ወደ መስኮቱ ነው የሚያየው። አሁን ግን ከወንበሩ ቀና አለ።

"በግራ ነው" አላቸው፣ ሁላችንም እንድንሰማ ጮክ ብሎ። "አስተማሪያችን ግራኝ ነበሩ።"